የገናው ባሌት በቀበሌው አዳራሽ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አሁንም አልገባኝም።

ጓድ በላቸው በሩን ያንኳኳው እማዬና እኔ የተስፋዬን ስንቅ ስንቋጥር ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ራሱ ቤት ድረስ ከመጣ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም። እማዬ ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አደረገችው፤ ለታሰረ ልጅ ምግብ መላክ ወንጀል ይመስል። (እማዬ እላታለሁ እንጂ አማቴ ናት፣ የተስፋዬ እናት።)

«ፒያኖ ይጫወታሉ አሉ» አለኝ፣ ቁጭ በል ሳንለው እንደቆመ።

ማን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጸሎት ቤታችን እስክትታሸግ ድረስ እሑድ እሑድ መዝሙር የማጅበው እኔ ነበርኩ። ቤቱን ሲወርሱ ፒያኖውንም ወረሱት። አሁን ፒያሳ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሦስቱ ጢማም ፈረንጆች ሥዕል ሥር ቆሟል ይባላል። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ እንጂ አንድም ቀን ገብቼ አላየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ የሶቪየት አማካሪ ሚስት ከመስከረም ጀምሮ የቀበሌውን ልጆች ባሌት ታስተምራለች። የፊታችን ዓርብ፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ልጆቹ በትልልቅ ሰዎችና በሶቪየት እንግዶች ፊት ትርኢት ያሳያሉ። ሙዚቃው የነበረበትን ካሴት ቴፑ በላው። ሌላ ካሴት የለም። የሙዚቃው ኖታ ግን በወረቀት አለ፤ የሚያነበው ጠፋ።

ተስፋዬ ከታሰረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ጥፋቱ፦ ሰዎች ቤታችን ተሰብስበው ጸለዩ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ «ፀረ-አብዮት» የሚለውን ቃል ተማሪ ፊት እንኳ ተናግሮት አያውቅም።

እምቢ ልለው አፌን ስከፍት ይሄ ሰውዬ እኔን ፈልጎ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ታሰበኝ። እሺ አልኩ።

ፈራሁ። የምፈራቸው፦ የጸሎት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች ምን ይሉኛል። ጣቶቼ ደርቀዋል። ከመዝሙር ሌላ ተጫውቼ አላውቅም። ጭፈራ ነው ደግሞ።

እማዬን «ምን ትያለሽ?» አልኳት። እሷ ጊዮርጊስ ተሳላሚ ናት፤ የኛን ነገር ሁሉ ከዳር ሆና ነው የምታየው። «ሂጂና ምቺው» አለች። «ለልጄ ስትይ ከበሮም ቢሆን ምቺ።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17

ፒያኖው ላይ የሻይ ብርጭቆ እያስቀመጡበት ክብ ክብ ነጭ ምልክት በምልክት ሆኗል። ክዳኑን ከፈትኩ። ድምፁ ወርዷል፤ መሀል ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ጭራሽ ዝም ብላለች። ሌላው ግን አለ! እንደ ድሮው አለ። የመጀመሪያውን ድምፅ ስሰማ ለቅሶ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ልጆቹ ስለሚያዩኝ ዋጥኩት።

ሴትየዋ ሊዲያ ትባላለች። ልጆቹ ማዳም ነው የሚሏት። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ አንገቷ እንደ ሰጎን፣ ስትቆጣ መሬቱን በተረከዟ የምትመታ። በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ የሷም የኔም እንግሊዝኛ ያው ነው፣ ስለዚህ አንተፋፈርም።

ታሪኩን ነገረችኝ። የገና ዋዜማ ነው። ትልቅ ቤት፣ እንግዶች፣ ያጌጠ ጥድ። ለአንዲት ልጅ የእንጨት ወታደር ይሰጣታል። ሁሉም ሲተኛ አይጦች ይወጣሉ፤ ንጉሣቸው ዘውድ ጭኗል። ወታደሩ ይዋጋቸዋል፤ ሊሸነፍ ሲል ልጅቷ ጫማዋን ወርውራ ታድነዋለች። ወታደሩ ልዑል ይሆናል። በበረዶ መሀል አልፈው ሁሉ ነገሩ ጣፋጭ ወደሆነ አገር ይሄዳሉ። አለቀ። በቃ ይኸው ነው።

ልጅቷን የምትሆነው ሰናይት ናት፤ እናቷ ውቤ በረሃ ቡና ቤት አላት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን አርባ ሞልቶታል። «ቲቸር፣ እዛ አገር ስኳር በራሽን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት ቀበሌው ሱቅ ተሰልፋ ሳይደርሳት ተመልሳለች።

ጓድ በላቸው ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

«አይጡ ንጉሥ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

«ይወድቃል?»

«ይወድቃል።»

«ይሄ ጥሩ ነው። ይጠናከር። ልዑል የሚባል ግን አልሰማም፤ ወዛደር ይሁን። ገና የሚለውም ይውጣ። የአዲስ ዓመት በዓል ይባል።»

ሰናይት እጇን አወጣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አዲስ ዓመትማ መስከረም ላይ አለፈ እኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ሥዕሎቹን ቀና ብሎ አየና ተወው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ አፍንጮ በር ጋሼ ያዕቆብ ጋ ሄድኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ ብዬ። የማኅበራችን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ እኔንና ተስፋዬን ያጋቡን።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ያ ፒያኖ የተገዛው ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ» አሉኝ። «አሁን ለነሱ ልታስጨፍሪበት ነው። ተስፋዬ ቢሰማ ምን ይላል?»

«ተስፋዬ ቢሰማ ይስቃል ጋሼ።»

«አንቺ ትስቂያለሽ?»

ተነስቼ ወጣሁ። እስከ አዳራሹ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ ስከራከር።

ልምምዱ መጥፎ ነበር። ባለ ሦስት ምቱ ጭፈራ፣ ዋልሱ ላይ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። የመዝሙር እጅ ከባድ ነው፤ አራቱንም ድምፅ አጥብቆ ይይዛል። ሊዲያ «ልቀቂው፣ ልጆቹ እንዲዘሉበት ቦታ ስጪ» ትለኛለች። እንዴት እንደሚለቀቅ ግን አይነገርም።

በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣን ይህ ባሌት ከየት መጣ አልኳት። ነገረችኝ። መጀመሪያ የታየው በንጉሣቸው ዘመን ነው። ትልልቆቹ ሰዎች አልወደዱትም። መድረኩን ልጆች ሞሉት፣ ታሪኩ የሕፃን ተረት ነው፣ ዋናዋ ዳንሰኛ ብቅ የምትለው ሊያልቅ ሲል ነው ብለው ጻፉበት። ሙዚቃውን የደረሰው ሰው ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ እንዲህ እንደሚወደድ ሳያይ። ከዚያ አብዮት መጣ። ንጉሡ ሄደ፣ ገና ቀረ፣ ያጌጠ ጥድ ማቆምም ነውር ሆነ። ቆይቶ ጥዱ የአዲስ ዓመት ተብሎ ተመለሰ። አገር ጥለው የሄዱ ዳንሰኞች ደግሞ ባሌቱን ወደየሄዱበት ወሰዱት፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየከተማው በገና ሰሞን ይታያል አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይህ ሁሉ ሲሆን ባሌቱን እንዴት አልዘጉትም?»

ወደ በሩ አየች። «ልጆች ይወዱታላ። ልጆች የወደዱትን መዝጋት ያስቸግራል።»

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን ሆና ከእናቷ ጋር ወደ ሩቅ ከተማ ሸሽተው ነበር። አንድ ቀን ሸሽተው የመጡ ዳንሰኞች ይህንኑ አሳዩ። አዳራሹ እሳት አልነበረውም፤ ሕዝቡ ኮቱን ሳያወልቅ ነው ያየው። «እናቴ አለቀሰች» አለችኝ። «በበረዶው ዳንስ መስሎኝ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ እንግዶች ሲገቡ፣ ባለቤቶቹ ሲቀበሏቸው። እዚያ ላይ ነው ያለቀሰችው።»

እኔ ቤት በር ከፍቼ እንግዳ ከተቀበልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሻዬን ጨርሼ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ዛሬ ደህና ቀን ነው! እስቲ ይጻፍ፣ ብዙ አይገኝም።

አንደኛ፣ ዋልሱ ወጣልኝ። ድንገት ነው። እጄን እያየሁ ሳይሆን የሰናይትን እግር እያየሁ ስጫወት ወጣ።

ሁለተኛ፣ የቡናው ጭፈራ። በጣፋጩ አገር ውስጥ የየሕዝቡ ዳንስ አለ፤ የሻይ፣ የቸኮላታ፣ የቡና። ሊዲያ «ይሄ ቡና ነው፤ የዓረብ ዳንስ» ስትል ልጆቹ አጉረመረሙ። ሰናይት «ቡናማ የኛ ነው! ዓረብ ከኛ ገዝቶ ነው» አለች። ተረጎምኩላት። ሊዲያ ቆም ብላ አሰበችና «እንግዲያው እንደናንተ አድርጉት» አለች። ትከሻቸውን ለቀቁት። ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው፣ ትከሻቸው ግን መንገድ አገኘለት። ሊዲያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ጓድ በላቸው ደግሞ የጥዱ ጫፍ ላይ ቀይ ኮከብ እንዲሆን አዘዘ። ይሁን። ኮከብ ኮከብ ነው።

ስለ ተስፋዬ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ነገ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ስንቁ ተመለሰ።

ወደ አራት ኪሎ መውጫ ባለው እስር ቤት በር ላይ እንደወትሮው ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ጥበቃው ስም ዝርዝሩን በጣቱ ወረደበትና «የለም» አለ።

«ተስፋዬ ነው፤ በደንብ ይዩልኝ።»

«የለም አልኩሽ። ከዚህ ወጥቷል።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀጥይ! የሚቀጥለው!»

ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። ከኋላዬ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና ወዲያው እጇን ሰበሰበች። ልጃቸው የታሰረባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ምግቡን ለሳቸው ልጅ ገለበጥኩላቸውና ባዶ ምሳ ዕቃ ይዤ ተመለስኩ።

እማዬ በር ላይ ትጠብቃለች። «በላ?»

«በላ።»

ምሳ ዕቃውን ተቀብላኝ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ቤት ብቀመጥ እማዬ ፊቴን ታነበዋለች። እጄ ብቻውን ተጫወተ፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። አይጦቹ ሲሸነፉ ልጆቹ ጮሁ፤ ደነገጥኩ፣ ኖታው ጠፋኝ። ሊዲያ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች። «አሞሻል?» ለባዕድ ሰው መናገር ለሷም ለኔም አይበጅም። ራሴን ነው አልኳት።

ጓድ በላቸው ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ስብሰባው ሳያልቅ መሸ።

ጌታ ሆይ፣ ሌላ ጸሎት የለኝም፣ ይኑር ብቻ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 21

ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከቤት ስወጣ እንዴት እንደማናግረው ሳጠና ነው የሄድኩት፤ ፊቱን ሳይ ግን ሁሉም ጠፋኝ።

«ባለቤቴ የት ነው?» አልኩት።

«እሱ በኔ ሥር አይደለም። ትርኢቱ ይለፍና እንነጋገራለን።»

«ትርኢቱን መጫወት አልችልም።»

«ምን?»

እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። አላስመሰልኩም፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። «ይዩዋቸው። ይህ እጅ ነገ አይጫወትም። ያለበትን ይንገሩኝ። ሞቶም ከሆነ ይንገሩኝ። ያኔ እጫወታለሁ።»

ተነሳ። እስካሁን እርስዎ ሲለኝ የነበረው አንቺ አለኝ። «በኔ ላይ ቅድመ ሁኔታ ታስቀምጫለሽ? ማን እንደሆንሽ፣ እቤትሽ ምን ስታደርጉ እንደነበር የማላውቅ መሰለሽ? አሁኑኑ ወደሱ ልልክሽ እንደምችል ታውቂያለሽ?»

«ወደሱ ከሆነ ይላኩኝ። ያኔ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

ይህን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ወንበሩን ይዤ ነው የቆምኩት። እሱ ስልኩን ወደራሱ ሳበ። ከዚያ «ውጪ ጠብቂ» አለኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ስልክ ሲደውል፣ ሲጠብቅ፣ ስም ሲደግም፣ «አዎ ጓድ፣ እሺ ጓድ» ሲል ይሰማኛል። አብዮት ጠባቂው መጥቶ ምን ትጠብቂያለሽ አለኝ። ምን ልበለው?

ጠራኝ። «ሆስፒታል ነው። እስረኞቹ መሀል ተስቦ ገብቶ ነው። ሰኞ ነው የወሰዱት።»

«በሕይወት አለ?»

«ትናንት ነበረ።»

ትናንት ነበረ። ይህን ቃል ይዤ እንዴት እንደወጣሁ!

ከመውጣቴ በፊት ግን «ቅዳሜ እንዲያዩት ወረቀት እጽፋለሁ» አለኝ። እርስዎ ወደሚለው ተመልሷል። «ነገን ግን አደራ። እኔንም የሚጠይቁኝ አሉ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣት መሆኑን አየሁ። ሠላሳም አይሞላውም።

ለእማዬ ነገርኳት። መዋሸቴንም ነገርኳት። «አውቄያለሁ» አለች። «ተስፋዬ ምሳ ዕቃውን ጨርሶ መልሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ጉርሻ ለኔ ያስቀራል። ትናንት ባዶ ነበር።» ሌሊቱን ሙሉ አውቃ ለኔ ብላ ዝም ብላለች። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ልብሴን ተኮሰችልኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22

አለፈ። በተቀመጥኩበት እጄ አሁንም ይንቀሳቀሳል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት መኮንኖችና የሶቪየት እንግዶች፣ ከኋላቸው ካድሬዎች፣ ከዚያ እናቶች፣ በየመስኮቱ ደግሞ መግቢያ ያጣ የፒያሳ ልጅ ሁሉ። የእንጦጦ ጥድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ። የአይጡ ንጉሥ ዘውድ ከሲጋራ ወረቀት የተሠራ ነው፤ ሲያብለጨልጭ ግን ወርቅ ነው። በረዶው የተቀዳደደ ወረቀት ነው። አንድ ካድሬ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ገና የሚል ቃል አልወጣውም።

በሩ ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲገቡ ከእናቶቹ ወገን «እሰይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኖታውን ማየት አቃተኝ፤ ዓይኔ ሞላ። ደግነቱ ያን ቦታ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አደጋው የመጣው በውጊያው ላይ ነው። ሰናይት ጫማዋን ስትወረውር እልህ ያዛት። ጫማው አይጡን አልፎ፣ መድረኩን አልፎ፣ ፊት ወንበር የተቀመጡት ኮሎኔል ጉልበት ላይ አረፈ። ጓድ በላቸው ግማሽ ተነስቶ ቀረ። ሰናይት በአንድ እግሯ ቆማ አፏን ከፍታለች። እኔ መጫወቴን ላቁም አላቁም? አላቆምኩም። ያችኑ ቦታ ደጋገምኳት።

ኮሎኔሉ ጫማውን አነሱት። ገለባብጠው አዩት። ከዚያ ከት ብለው ሳቁና «ንጉሡ ካልወደቀ እኔም እጨምርለታለሁ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአይጡ ንጉሥ ሳይመታ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በራሱ ሄደ። ቡናው ላይ እናቶቹ እልል አሉ። ዋልሱ ላይ አንዴ ቀና ብዬ አየሁ። በር ላይ መሣሪያ የያዘው ጠባቂ አፉን ከፍቶ ወደፊት አዘንብሏል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ይመስላል። የዚህ ነገር ሚስጥሩ ምንድነው? ታሪክ እንኳ የለውም። አንዲት ልጅ ትፈራለች፣ ፍርሃቷ ይሸነፋል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ይጨፍርላታል። ምናልባት ይኸው ይሆናል። ሁላችንም እንዲህ እንዲሆንልን እንፈልጋለን።

ሲያልቅ ሊዲያ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ፤ እሷም ታለቅስ ነበር። ጓድ በላቸው በሰው መሀል መጥቶ የታጠፈ ወረቀት እጄ ውስጥ ከተተና ሳያየኝ አለፈ። ማኅተም አለው። አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ጋሼ ያዕቆብ አልመጡም። የላኩትም ቃል የለም። ይህ ያመኛል፤ ይመመኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

አየሁት።

የሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ወታደር ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ አቅንቶ አየው፣ ማኅተሙን በጣቱ ፈተገው። «አንድ ሰው ብቻ» አለ። እማዬ «አንቺ ግቢ» አለችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልከራከራት ብል ፊቷን አዞረች።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ አልጋ በአልጋ። መጀመሪያ አልፌው ሄጄ ነበር። ፀጉሩን ላጭተውታል፣ አጥንቱ ወጥቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እሱም አላወቀኝም። አጠገቡ ተቀምጬ ስሙን ስጠራው ዓይኑ ቀስ ብሎ መጣ።

«እማዬ ደህና ናት?» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ እሱ ነው።

«ውጪ ናት። ደህና ናት።»

እጁን ያዝኩት። ይሞቃል፣ ግን እንደ እሳት አይደለም። «ፒያኖአችንን ተጫወትኩበት» አልኩት።

«ምን ተጫወትሽ?»

«ባሌት።»

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ። ከዚያ «ባልሽማ እዚህ ተኝቷል» አለኝ፤ ያ የተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞክሮ ደማ። እኔ ሳቅኩ፤ ወታደሩ «ዝም በይ!» እስኪለኝ ድረስ ሳቅኩ፤ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረብኝ አላወቅኩም።

ነርሷ ስወጣ ተከትላኝ መጣች። ትኩሳቱ ከትናንት ወዲህ ወርዷል አለች፤ ሊመለስም ይችላል። ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ። ሲሻለው ወደየት እንደሚወስዱት ጠየቅኳት። «እሱን እኛ አናውቅም» አለች።

እማዬ የአጃ ሾርባ ታማስላለች። ነገ እሷ ትገባለች፤ ተረኛው ሌላ ወታደር ነው፤ ወረቀቱን ይቀበል አይቀበል አይታወቅም። ትኩሳቱ እንዳይመለስበት እፈራለሁ። ትኩሳቱ ለቆት ወደዚያ ቤት እንዳይመልሱትም እፈራለሁ። የትኛውን አስቀድሜ እንደምፈራ እንኳ አላውቅም።

ዛሬ ግን አየሁት። በማንኪያ ውሃ ሰጠሁት፣ ዋጠ።